ለኮርማ የተላከ ሽምግልና

እኛ ዘመድ መቁጠር የማይሰለቸን ሰዎች ነን። አንድ ወጣት አንዲት ልጅ ወደደ ሲባል፣ የልጅቷ ጠባይ ምን እንደሚመስል፣ ልጁስ ምን ሠርቶ ምን ሊያበላት እንዳሰበ ከመጠየቁ በፊት፣ ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ጉሮሮውን ጠርጎ «እስቲ መጀመሪያ እንቁጠር» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቆጠራ ነው። የእሷ አያት፣ የእሱ ቅድመ አያት፣ በዚያ በኩል ተድራ የሄደችው አክስት፣ በዚህ በኩል ስሙ የተረሳው አጎት... ሰባት ቤት እስኪሞላ ድረስ ወደ ድግስ ወሬ የሚያልፍ የለም። ወላጆቼ ከሰሜን ተነስተው ሚዛን ተፈሪ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ የእንጨት ሳጥንና ይኸው ቆጠራ ነበር። ሳጥኑን ምስጥ በላው፤ ቆጠራው አሁንም አለ።

ይህንን የእኛ ብቻ ጥበብ አድርገን ስንኩራራ ቆይተን፣ ጎረቤቶቻችን ቤንቾችና ሸኮዎች ከእኛ የባሱ ሆነው አገኘናቸው። እነሱ ዘንድ ጣት ማጠፍ እንኳ የለም። ጎሳህና ጎሳዋ አንድ ከሆነ እህትህ ናት፣ አለቀ ደቀቀ። አንተ ከማጂ እሷ ከማሻ ብትመጡ፣ አይታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ፣ እህትህ ናት። አንባቢዬ ሆይ፣ ምናልባት አንተም በወጣትነትህ አንዲት ቆንጆ በአጎትህ ጣቶች መካከል ተቆጥራ ቀርታብህ ይሆናል። ካዘንክ ማዘንህ ተገቢ ነው፤ አጎትህ ግን ያኔ ከሚመስልህ የበለጠ ነገር ያውቅ ነበር።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በረት በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ላም ኮርማ ስትፈልግ አያቷን የሚጠይቅላት የለም። እኔ ሚዛን ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የስንቱን ላም ምስጢር ሰምቻለሁ፣ የአንዲቷን እንኳ የዘር ሐረግ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን ያስተማረኝ የጋሽ በቀለ ጉዳይ ነው።

ስለ ሸኮ ከብት ሳትሰማ ግን ወደ ጋሽ በቀለ ቤት አላስገባህም። የሸኮ ከብት ቁመቱ አጠር፣ ደንደን ያለ ነው። ሻኛው ከቁጥር አይገባም፤ ብዙዎቹ ቀንድም የላቸውም፣ ጎዳ ናቸው። ሲያዩት አይገዝፍም። ነገር ግን ሌላው ከብት በቆላው ዝንብ ተነክሶ በገንዲ በሽታ አጥንቱ ወጥቶ በሚያልቅበት ጫካ ውስጥ፣ እሱ ሣሩን እየጋጠ፣ ወተቱን እየሰጠ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ይኖራል። መድኃኒት ነጋዴ እንዲህ ያለውን ከብት ሲያወድስ ልብ በል፤ ገበያዬን የሚዘጋ ከብት ነው። ቢሆንም እኮራበታለሁ። በዓለም ላይ ከእኛ ጫካ በስተቀር የትም የለም፣ ይህንን ለማንም እንግዳ ሳልነግር ሱቄን ዘግቼ አላውቅም። ችግሩ እየጠፋ መሆኑ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ከደጋ ኮርማ ጋር ይመጣል፣ ኮርማው ደግሞ ከሸኮ ላሞች ጋር ይቀላቀላል፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሻኛው ያበጠ፣ ዝንብ የነከሰው ዕለት የሚተኛ ከብት ይወለዳል። ወላጆቼ ከዚያ ሳጥን ጋር አንድ ኮርማም ነድተው እንደነበር ለመደበቅ አልሞክርም።

ጋሽ በቀለ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ ከተማ ሳይደርሱ ወደ ጫካው በሚታጠፈው ጥርጊያ ላይ ይኖሩ ነበር። ሰው ሁሉ ከብቱን ሲያደባልቅ እሳቸው «የአባቴን ከብት አላበላሽም» ብለው የጸኑ ሸኮ ናቸው። ኮርማቸው ጌጡ ይባላል። ቀይ፣ ጎዳ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። የቴፒ መኪና ሾፌሮች መንገድ ዳር ሲያዩት ፍጥነት ይቀንሳሉ ይባል ነበር። ጌጡ ሲያረጅ ከልጆቹ እሱን የሚመስለው ተመርጦ ተተካ፣ እሱም ጌጡ ተባለ። ያኛው ሲያረጅ ደግሞ እንደገና ሌላ ጌጡ። ነጥቧ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም።

አሁን ደግነት የሚባለውን ነገር ተመልከት። በዚያ አካባቢ ኮርማ ይጠየቃል እንጂ አይከራይም፤ ላም ይዞ የመጣን ጎረቤት መመለስ ነውር ነው። ጋሽ በቀለ ደግሞ ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸው። በራቸው ለሸለቆው ላም ሁሉ ክፍት ነበር። የሸኮ ኮርማ ቁጡ፣ አጥር ሰባሪ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቹ «ጌጡ እያለ ሌላ ኮርማ ለምን ያስጨንቀናል?» እያሉ የየራሳቸውን ወይፈን በጊዜ ቀጥቅጠው እያኮላሹ ለእርሻ አዋሉት። ሁሉም ሰላም አገኘ። ሸለቆው በሙሉ ቀይ፣ ጎዳ፣ ግንባሩ ላይ ነጥብ ያለው ከብት ሞላበት። እንዲያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ ከላይ ከመንገዱ ቆሜ ሳየው ደረቴ ይነፋ ነበር።

ከዚያ ጥጃ መቆም አቃተው። ጋሽ በቀለ ሱቄ መጥተው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የነገሩኝ እንዲህ ነው፤ ጥጃው ይወለዳል፣ ይላሱታል፣ ለመነሳት ጉልበቱን ያጥፋል፣ ወድቆ ይቀራል። ጽንስ የጨነገፈባቸው ላሞችም አሉ። ቫይታሚን ሸጥኩላቸው። የወስፋት መድኃኒት ሸጥኩላቸው። አንዳንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒቴ ጊዜው ያለፈበት ነው አለ። በሌላ ጊዜ ሲመጡ መድኃኒት አልጠየቁም።

«ግርማ፣ ይሄ ከብት በእኔ እጅ ሊያልቅ ነው» አሉኝ። «አባቴ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ምን ይዤ ለልጄ ልስጥ?»

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ሰናይት ሱቄ መርፌ ልትገዛ መጣች። ሰናይት በአንድ የከብት እርባታ ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ናት፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ሳቋ ሁልጊዜ ቅርብ። ይዣት ሄድኩ። ሸለቆውን ዞረች። እያንዳንዱ በረት ላይ ቆማ «የዚህ ጥጃ አባት ማነው?» ትላለች። «ጌጡ።» «የእናቱስ አባት?» «ጌጡ።» «የእሷስ እናት አባት?» ሰውየው ይኮራል፤ «ጌጡ ነዋ።» መጨረሻ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ከብት አንድ ቤተሰብ ነው» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ ጋሽ በቀለ በኩራት።

«ወንድምና እህት ናቸው ማለቴ ነው። አባትና ልጅ።»

ለእኔ ቢሆን ይህ ቃል ሳይንስ ነበር። ለሸኮ ሰው ግን ሌላ ነው። ጋሽ በቀለ ኮታቸውን ሰብስበው ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ነኝ ያጋባኋቸው» አሉ። ሰናይት የቻለችውን አስረዳች። እያንዳንዱ ከብት ደሙ ውስጥ የተደበቀ ድካም እንዳለው፣ ከባዕድ ሲገናኝ የአንዱን ድካም የሌላው ብርታት እንደሚሸፍነው ነገረቻቸው። ዘመድና ዘመድ ሲጋቡ ግን አንድ ቦታ ላይ የተቀደዱ ሁለት ሸሚዞችን እንደመደረብ ነው፣ ብርዱ ያገኝሃል አለች። የደጋ ኮርማ ማስገባት ቀላል ነበር፣ ያኔ ግን ከብቱ ሸኮ መሆኑ ይቀራል። የሚያስፈልገው ጌጡን የማያውቅ ሸኮ ኮርማ ነው።

እንዲህ ያለ ከብት ካለ ያለው አቶ ገብሬ ዘንድ ነው ተባለ፤ ከቴፒ አለፍ ብሎ፣ ወደ ማሻ በሚወጣው ጫካ ጠርዝ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ኩራት መጣ። ጋሽ በቀለ በሕይወታቸው ኮርማ ተጠይቀው እንጂ ጠይቀው አያውቁም። «ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ሲለምነኝ ኖሬ፣ እኔ ሰው ደጅ ላይ ልቁም?» አሉ። ከብታቸው እያለቀም ይህን አሉ። እኔ ብናደድባቸውም ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ ያን ከብት እስከዚያ ቀን ያቆየው ይኸው አንገታቸው ነበርና።

መላ የመቱት የሚስታቸው ወንድም አቶ ማሞ ናቸው። አቶ ማሞ ሽማግሌ ሆነው ገብተው ባዶ እጃቸውን የወጡበት ቤት የለም፤ በዚህ ዙሪያ የተዳረ ሁሉ በእሳቸው ምላስ የተዳረ ነው። «ልመና አይደለም፣» አሉ፣ «ሽምግልና ነው። ጋብቻ መጠየቅ ማንንም አሳንሶ አያውቅም።» ጋሽ በቀለ አሰቡ፣ አሰቡና አንድ ቅል ማር አመጡ። ሽማግሌዎቹም ተመረጡ፤ አቶ ማሞ፣ እኔ፣ እና ሱሪ ለብሳ ሽምግልና የተቀመጠች በአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምትመስለኝ ሰናይት።

ቴፒ ድረስ በአይሱዙ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። አቶ ገብሬ ቤት ስንደርስ አቶ ማሞ አልቀመጥም አሉ፤ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ዝምድና ፈልገን፣ ከቤትዎ ልጅ ልንጠይቅ መጥተናል» ብለው ጀመሩ። አቶ ገብሬ ሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆች ነበሯቸው። ዓይናቸው ሽበቴ ላይ አረፈና ፊታቸው ተለወጠ። አቶ ማሞ ቶሎ ብለው ጉዳዩ የኮርማ መሆኑን ባይናገሩ ኖሮ ማሩን ይዘን ወደ መጣንበት እንመለስ ነበር።

ነገሩ ሲገባቸው ግን አቶ ገብሬ ተለወጡ። ከሸኮ ተነስቶ፣ ማር ይዞ፣ ሽማግሌ ልኮ ከእሳቸው በረት የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የተፈላ የቡና ቅጠል ቀረበልን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ጎደሬ ጣዱ፣ አቶ ገብሬ ራሳቸው በረት ገብተው ኮርማቸውን ሎጋውን እየመሩ ወጡ። ምን ልበልህ። ቀይ፣ ጎዳ፣ ጀርባው የተስተካከለ። ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ።

አቶ ማሞ በቀዘቀዘ ድምፅ ወላጆቹን ጠየቁ። አቶ ገብሬ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። በጥጃነቱ ከሚዛን ገበያ እንደገዙት፣ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ለማየት እንደሚመጣ ተናገሩና ዋናውን መጨረሻ ላይ አደረጉት። «የጌጡ ልጅ ነው» አሉ። «የሸኮውን ጌጡ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል።»

ሰምተን እናውቅ ነበር። ሦስታችንም የቡና ቅጠላችንን መጠጣት ጀመርን።

በዚህ መካከል ሰናይት ከሎጋው ኋላ የቆመ ሌላ ነገር አየች። ነገር ያልኩት አክብሬ ነው። አመድማ፣ ትንሽ፣ አንዱ ጆሮው የተተለተለ፣ አጭር ቀንዱ በጎን የተንጠለጠለ ወይፈን ነው። ስም እንኳ የለውም። አቶ ገብሬ ሲጠየቁ አፈሩ። የአያታቸው ከብት ዘር ነው፣ ከጫካው ወጥቶ አያውቅም፣ ከእነዚያ የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነው፣ ለመስቀል ሊያርዱት አስበዋል። ሰናይት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኛ የምንፈልገው ይኼንን ነው» አለች።

እንዲህ ዓይነት ስድብ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። አቶ ገብሬ ተነሱ። አቶ ማሞ ጉዳዩን በለሆሳስ አስረዱ፤ ሎጋው ለላሞቻችን ወንድም መሆኑን፣ የሥጋ ዘመድ መሆኑን ተናገሩ። አቶ ገብሬ ተረዱ፣ ግን አልተሸነፉም። «ዘመድ ከሆነ አይሰጥም፣ ልክ ናችሁ» አሉ። «ይኼን ግን አልሰጥም። ሽማግሌ ተልኮብኝ፣ ማር መጥቶልኝ፣ ይኼን ጎትቼ ባወጣ ቴፒ ገበያ በምን ዓይኔ እገባለሁ? ገብሬ ለክቡር ሰው ጥራጊውን ሰጠ ይባል?» አቶ ማሞ የሚያውቁትን ሁሉ ተናገሩ። ለመኑ፣ አመሰገኑ፣ የሞቱትን አያት ሳይቀር ጠሩ። አልሆነም። በዕድሜ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሊወጡ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ እኔ ደግሞ በጋሽ በቀለ ሸለቆ ለመነሳት ጉልበቱን የሚያጥፈው ጥጃ ታየኝና የጎደሬውን ሳህን ገፋ አደረግኩት።

ወይዘሮ ዘነበች ሳህን ሊያነሱ ገብተው ነበር። ማንንም ሳያዩ፣ ለሳህኑ የሚናገሩ መስለው፣ «ሙሽራ ብቻውን ሲሸኝ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። «ሎጋውን ይውሰዱት። ያ ደግሞ ሚዜ ይሁነው።»

አቶ ገብሬ አመድማውን አዩ፣ ሎጋውን አዩ፣ እኛን አዩ። «ሚዜ መልኩ አይጠየቅም» አሉ በመጨረሻ፣ እና ሁላችንም ተቀመጥን።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱን ነድተን ተመለስን። ቴፒ ላይ ሰው ለሎጋው መንገድ ለቀቀ፣ ሚዜውን ያየው አልነበረም። ጋሽ በቀለ ቤት ስንደርስ ሎጋውን አንገቱን አቅፈው «የልጄ ልጅ ተመለሰ» ሲሉ፣ እውነቱን ማን ይንገራቸው ብለን ተያየን። በኋላ «ይኼስ ማነው?» አሉ ወደ ኋላ እየጠቆሙ።

«ሙሽራው እሱ ነው» አለች ሰናይት።

ጋሽ በቀለ በትራቸውን ይዘው አመድማውን ዞሩት። የአባታቸውን ቀይ ከብት ያስቡ እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ሦስት ትውልድ ጌጡ፣ ያቺ ነጥብ፣ ፍጥነት የሚቀንሱት መኪኖች። ጆሮውን ሊነኩ ሲጠጉ ወይፈኑ በግንባሩ መትቶ በትራቸውን አስጣላቸው፣ እሳቸውንም አጥሩ ላይ አስደገፋቸው። ኮታቸውን አራገፉ። «ሸኮ ነው» አሉና በረቱን ከፈቱለት። ሎጋው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቀጥቅጦ ለእርሻ ዋለ። ጌጡን ግን አልሸጥም፣ አላርድም ብለው ለብቻው በረት ሠሩለት፤ ሣር እየታጨደለት ጡረታውን በላ።

የመጀመሪያዋ ላም የወለደችው ዝናብ ጠንክሮ በያዘበት ጊዜ ነው። እዚያ ነበርኩ። ጥጃው አመድማ፣ የሚያስቅ ጆሮ ያለው። ላሟ ላሰችው፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ወደቀ። ጋሽ በቀለ ዓይናቸውን ወደ ጫካው መለሱ። ጥጃው እንደገና ጉልበቱን አጠፈና ቆመ፤ ሄዶም ጡት ያዘ። ጋሽ በቀለ ዞር ብለው እስኪያዩት ድረስ እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ቡሬው፣ ዳልቻው፣ ጥቁሩ፣ ቀዩም ሳይቀር ተወለደ። ሸለቆው ከመንገድ ሲታይ እንደ ድሮው የተስተካከለ አይደለም፣ የተደባለቀ ጥራጥሬ ይመስላል፣ እና እኔ ደረቴ ከበፊቱ ይበልጥ ይነፋል። ዛሬም በዚያ ሸለቆ ኮርማ ያለ ክፍያ ነው፤ ግን ላም ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ እናቷን፣ አያቷን፣ የአያቷን አባት ሳይቆጥር አይገባም። በየቤቱም ያልተቀጠቀጠ ወይፈን አለ፤ አጥር ይሰበራል፣ ይጠገናል።

ከእርባታ ጣቢያው እንግዶች ሊያዩ በመጡበት ቀን ጋሽ በቀለ ለአቶ ገብሬም ሰው ላኩባቸው። አቶ ገብሬ ነጭ ለብሰው መጡ። ገና ጥርጊያውን ሲታጠፉ ዓይናቸው ያረፈው እርሻው ላይ ነው፤ ሎጋው፣ ያ ቴፒ መንገድ የለቀቀለት ሎጋው፣ ቀንበር ተሸክሞ ያርሳል። አቶ ማሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ገብሬ እርሻውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ከመንጋው ፊት የሚሄደውን፣ አሁን ሰው ሁሉ ሚዜ ብሎ የሚጠራውን ጆሮው የተተለተለ ኮርማ አዩ፤ ከኋላው የሚከተሉትን ጥጆችም አንድ በአንድ አዩ።

«እኔ ስሰጥ ምርጤን ነው የምሰጠው» አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው። «የሚያርሱበት በሬም ጨመርኩላቸው።»

ሰናይት ሳል ያዛት። በሽምግልናቸው ዋሽተው የማያውቁት አቶ ማሞ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጋሽ በቀለ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እውነት ነው» አሉ። «እኔም ገና ከሩቅ ሳየው፣ ምርጡ እሱ እንደሆነ አውቄ ነበር።» እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጥጆቹ ቆመው ይጠቡ ነበር፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።